እንዲገድሉ ያዘዙ አዛዦች በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይጠየቁ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለተፈጸሙ የጦር ወንጀሎች ትእዛዝ የሰጡ የታጣቂ መሪዎች በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሚጠየቁበት መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶና ከእነዚህ ወዲያ ባሉ ሠፈሮች በኪራይ ቤትና በዘመድ ቤት ተጠግተን የምንኖር፣ ባለፉት ዓመታት ግጭቶች ከቀያችን የተፈናቀልንና ቤተሰብ የተገደለብን ሰዎች ነን። ከወለጋ የመጣን አለን፤ ከመተከል፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከማይካድራና ከአክሱም የመጣንም አለን። አፍ የፈታንበት ቋንቋ አንድ አይደለም፤ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። ወገኖቻችንን የገደሉብን ታጣቂዎችም የአንድ ወገን ሰዎች አይደሉም፤ ለአንዳችን ገዳይ የሆነው ሰው በሌላችን የትውልድ አካባቢ ጀግና ተብሎ ሊዘፈንለት ይችላል። ይህን እያወቅን አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ የተስማማነው የምንጠይቀው አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ግደሉ ብሎ ያዘዘው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬም የትም ይቀመጥ የት፣ እጁ በማይደርስበት ዳኛ ፊት እንዲቆም እንፈልጋለን።

አሁን እንድንጽፍ ያስገደደን የሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ተጠያቂነትን፣ እውነትን ማውጣትን፣ ካሣንና ዕርቅን ያካተተ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲወጣ ግዴታ ጥሎ ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ፖሊሲውን አጽድቆ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንደሚቋቋሙ አስታውቋል። እኛም ይህን ሰምተን ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ግን የቤተሰቦቻችንን መገደል ያዘዘ አንድም የታጣቂ አዛዥ በእንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ አላየንም። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በተለያዩ አካባቢዎች ታጣቂዎች የሰላም ጥሪ ተቀብለው ሲገቡ፣ አዛዦቻቸውም በስብሰባ አዳራሽ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ሲጨበጨብላቸው በቴሌቪዥን ተመልክተናል።

ሰላሙን አንቃወምም። የጦርነትን ዋጋ ከእኛ የበለጠ የከፈለ ስለሌለ፣ አንድ ጠመንጃ እንኳ ሲወርድ ደስ ይለናል። የምንቃወመው ጠመንጃውን ያወረደው ሰው ከዚያ በፊት ስለሠራው ነገር አንድም ጥያቄ ሳይቀርብለት ማለፉን ነው። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በስብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች፣ የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ ግድያ፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምክር ቤትም ሆነ በማንኛውም የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ እንደማይታለፉ በግልጽ ደንግጓል። አንቀጹ የእናንተን ምክር ቤት ሥልጣን ጭምር የሚገድብ ነው። እናንተ እንኳ ልትሰጡት የማትችሉትን ምሕረት የሰላም መድረኮች በዝምታ እየሰጡት ከሆነ፣ ይህን መመርመርና ማስቆም ከማንም በፊት የእናንተ ኃላፊነት ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ። የመጀመሪያው የምንናገርበት ቦታ ማጣታችን ነው።

ከመካከላችን ቀድሞ አርሶ አደር የነበረ አንድ ሰው አለ፤ ዛሬ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ ጥበቃ ነው። በመንደሩ በአንድ ቀን የተገደሉትን ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የማን ልጅ እንደሆኑና የት እንደተቀበሩ በልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጽፎ ይዟል። ጥቃቱን የመሩትን ሦስት ሰዎች በስም ያውቃቸዋል፤ አንደኛው በገበያ ቀን እህል ሲሸጥለት የኖረ ሰው ነው። ደብተሩን ይዞ እዚህ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ያገኘው መልስ፣ ወንጀሉ በተፈጸመበት ወረዳ ሄደህ አመልክት የሚል ነበር። ያ ወረዳ ነዋሪው የሸሸበት፣ ጽሕፈት ቤቱ የተቃጠለበት፣ መንገዱ ዛሬም በታጣቂዎች የሚዘጋ ቦታ ነው። ከገዳዮቹ ደጃፍ ሄዶ እንዲከሳቸው የተነገረው ሰው ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ደብተሩ ዛሬም ከፍራሹ ሥር አለ፤ ዝናብ ያረጠበው ገጽም አለው።

ባሏ የተገደለባት አንዲት እናት ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት የሐኪም ቤት ወይም የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ተባለች። ሰውየው የሞተው እርሻው ላይ ነው፤ የቀበሩት ሸሽተው ከመውጣታቸው በፊት ጎረቤቶቹ ናቸው። ለመታወቂያ ስትጠይቅ ደግሞ ከቀድሞ ቀበሌዋ መሸኛ ተጠየቀች፤ መሸኛውን የሚጽፈው የቀበሌ ሊቀ መንበር በዚያው ቀን ከተገደሉት አንዱ ነበር። በወረቀት ሲታይ ባሏ አልሞተም፤ እሷም አልተፈናቀለችም። በመዝገብ ያልሞተን ሰው ገዳይ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ የጽሕፈት ሥራ ችግር ብቻ ተደርጎ እንዲታይብን አንፈልግም።

ሁለተኛውና ዋናው ቅሬታችን አዛዡ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። አልፎ አልፎ የምንሰማቸው ክሶች ቀስቱን የወረወረውን፣ ክብሪቱን የጫረውን ጎልማሳ የሚመለከቱ ናቸው። እኛ ግን ያየነው ሌላም ነገር አለ። ከእኛ አንዷ በተደበቀችበት የበቆሎ ማሳ ውስጥ ሆና፣ የታጣቂዎቹ አለቃ በስልክ “ጨርሰናል፣ ወዴት እንለፍ?” ብሎ ሲጠይቅና ከሚቀጥለው መንደር ስም ጋር መልስ ሲቀበል ሰምታለች። መልሱን የሰጠው ሰው በዚያ ቀን ጥይት አልተኮሰም፤ ምናልባትም ከቦታው ብዙ ርቆ ነበር። ነገር ግን የሁለተኛውን መንደር ሰዎች ዕጣ የወሰነው እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የተቋቋመበት የሮም ስምምነት በአንቀጽ 28 አንድ አዛዥ በሥሩ ያሉት ታጣቂዎች ወንጀል እየፈጸሙ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ካልከለከለ፣ ከፈጸሙም በኋላ ካልቀጣ እሱ ራሱ በወንጀሉ ተጠያቂ እንደሚሆን የሚደነግገው እንዲህ ያለው ሰው እንዳያመልጥ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 269 ስለ ዘር ማጥፋት፣ በአንቀጽ 270 በሰላማዊ ሕዝብ ላይ ስለሚፈጸም የጦር ወንጀል የሚደነግግ ቢሆንም፣ ሕገ መንግሥቱ የሚጠራውን በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ራሱን ችሎ አልተረጎመውም። ይህ ክፍተት ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ ነው።

አዛዦችን መጠየቅ ሰላሙን ያደፈርሳል የሚል መልስ ደጋግመን ሰምተናል። ይህን የሚሉ ሰዎች የኮንጎውን ቦስኮ ንታጋንዳን ታሪክ እንዲመለከቱ እንጠይቃለን። ንታጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 በኢቱሪ ግዛት መንደሮችን ሲያስወርር የነበረ የሚሊሻ አዛዥ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 የእስር ትእዛዝ አወጣበት። የኮንጎ መንግሥት ግን ለሰላም ሲባል እ.ኤ.አ. በ2009 ታጣቂዎቹን ከሠራዊቱ ጋር አዋሐደ፤ እሱንም በጄኔራል ማዕረግ ተቀበለው። የእስር ትእዛዙ እያለ በጎማ ከተማ በግልጽ ኖረ። ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሸፈተ፤ ኤም 23 የተባለው አማጺ ቡድንም ከዚያ ዐመፅ ተነሣና በዚያው ዓመት ጎማን ያዘ። በማዕረግ የተገዛው ሰላም ለኢቱሪም ሆነ ለኪቩ ሕዝብ አልበጀም። ንታጋንዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ኪጋሊ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ገብቶ እጁን ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በ18 ወንጀሎች ጥፋተኛ ተብሎ 30 ዓመት ተፈረደበት። እኛ የምንፈራው በእኛም ሀገር ዛሬ ያለ ጥያቄ የታለፈው አዛዥ ነገ ተመልሶ ጫካ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ዋጋ ያልከፈለበት መሆኑን አስታውሶ የሚገባ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ነገር የዳኛው ማንነት ነው። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፣ መንግሥት ሸኔ የሚለውን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊትን ከሰሰ፤ ቡድኑ ደግሞ አልፈጸምኩም ብሎ በመንግሥት ወገን ያሉ ታጣቂዎችን ከሰሰ። በሁለቱ ክሶች መካከል የቀሩት ሟቾቹ ናቸው። ከዚያ የተረፉት ወገኖቻችን ያዩትን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ያዩት ነገር በሕግ እውነት ሆኖ እንዲጸና ከሁለቱም ከሳሾች ውጭ የሆነ ዳኛ ያስፈልጋል። የማይካድራም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚያ የሆነውን፣ ከዚያም በኋላ በአካባቢው በብቀላ የተገደሉትን ሰዎች ነገር እያንዳንዱ ወገን የሚተርከው የሌላውን ሟች እየዘለለ ነው። በአክሱም ደግሞ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሰላማዊ ነዋሪዎችን የገደሉት የኤርትራ ወታደሮች መሆናቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በምርመራው አስታውቋል። እነዚያ አዛዦች የታጣቂ ቡድን መሪዎች ሳይሆኑ የሌላ ሀገር መንግሥት መኮንኖች ናቸው፤ ቢሆንም ጉዳያቸው የሀገር ውስጥ ፍርድ ቤትን ወሰን በግልጽ ያሳያል። አዲስ አበባ የሚቀመጥ ልዩ ፍርድ ቤት ከድንበር ማዶ ያለን ጄኔራል በምን ያስቀርበዋል? ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ግን ወንጀሉ የተፈጸመበት ሀገር ሥልጣኑን ከተቀበለለት፣ የፈጻሚው ሀገር አባል ባይሆንም እንኳ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለው።

ይህን ስንል የሀገራችንን ዳኞች ንቀን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ከሶ፣ ፍርድ ቤቱም በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። አፍሪካ ውስጥ የራሱን የቀድሞ መሪዎች በራሱ ፍርድ ቤት እንዲህ ባለ ወንጀል የጠየቀ ሀገር ብዙ አይደለም፤ ይህ ክብር ይገባዋል። ሆኖም በዚያ ሂደት ውስጥ ተከሳሾቹ ሥልጣን ያጡ፣ ከሳሾቹ ሥልጣን የያዙ ነበሩ፤ ድል ያደረገውን ወገን የጠየቀ አልነበረም። ዋናው ተከሳሽም እስከ ዛሬ በዚምባብዌ ተጠልለው ይኖራሉ። በአንጻሩ በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ አለሙ በኔዘርላንድስ ይኖር ስለነበር፣ በዚያው ሀገር ፍርድ ቤት ተከሶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞችን በማስገደልና በሌሎች የጦር ወንጀሎች ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ድርጊቱ ከተፈጸመ 40 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር፤ የተጎጂዎቹ ቤተሰቦች ግን ችሎት ቀርበው ተናገሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን አባባል ያን ያህል ያረጋገጠ ችሎት አናውቅም።

ከሉዓላዊነት ጋር ተያይዞ የሚነሣውን ተቃውሞም እናውቀዋለን፤ ኢትዮጵያውያንን በባዕድ ዳኛ ማስጠየቅ ውርደት ነው የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የምናገኘው ከራሳችን ታሪክ ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። በ1929 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስፈጀው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስጨረሰው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ በገዛ እጁ የገደለው መነኩሴ የለም፤ ጄኔራል ማሌቲን በቴሌግራም አዘዘው፣ ማሌቲም ፈጸመው። ከጦርነቱ በኋላ ግራዚያኒ፣ ባዶሊዮና ሌሎች አዛዦች በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ የጠየቀችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ማስረጃዋን አሰባስባ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች፣ ኮሚሽኑም ስማቸውን በተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ፍርዱ ግን አልመጣም፤ ኃያላኑ መንግሥታት አልፈለጉትም። ባዶሊዮ አንድ ቀን ሳይከሰስ በአልጋው ላይ ሞተ። ግራዚያኒን እ.ኤ.አ. በ1950 የፈረደበት የገዛ ሀገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ የፈረደበትም ከጀርመኖች ጋር በማበሩ 19 ዓመት ሲሆን ጥቂት ወራት ታስሮ ተለቀቀ። ስለ የካቲት 12 አንድ ሰው አልጠየቀውም። አያቶቻችን ያን ጊዜ ዓለም አቀፍ ዳኛ መጠየቃቸውን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም፤ ያዋረዳቸው መከልከላቸው ነበር። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1949 ከዓለም ሀገራት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችውም በዚሁ ዘመን ነው።

ፍርድ ቤቱ አፍሪካውያንን ብቻ ያሳድዳል የሚለውም ነቀፋ በሀገራችን መንግሥት አንደበት ጭምር የተነገረ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር በነበረች ጊዜ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ይህንኑ ብለዋል። ነቀፋው መሠረት አልነበረውም አንልም። ነገር ግን የኡጋንዳን፣ የኮንጎን፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክንና የማሊን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤቱ የመሩት የየሀገራቱ መንግሥታት ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ፍርድ ቤቱ በሩሲያ ፕሬዚዳንትና በእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ የእስር ትእዛዝ አውጥቷል፤ የፊሊፒንስ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ተይዘው ተወስደዋል። ደግሞም የኢቱሪ ገበሬና የዳርፉር እናት አፍሪካውያን ናቸው። ስለ አፍሪካ ክብር ሲነገር የገዳዩ ክብር ብቻ ተቆጥሮ የእነሱ ሲዘለል ያሳዝነናል።

የዳርፉር ጉዳይ ለእኛ ከሁሉ የቀረበ ነው። ሱዳን ጎረቤታችን ናት፤ እንደ እኛም የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 በውሳኔ ቁጥር 1593 ጉዳዩን ለፍርድ ቤቱ መራው። አሊ ኩሼብ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ጃንጃዊድ የተባለው የዳርፉር ሚሊሻ መሪ አሊ ሙሐመድ አሊ አብድ አልራሕማን እ.ኤ.አ. በ2020 እጁን እስኪሰጥ 15 ዓመት አለፈ። ችሎት ሲቀርብም የምትሉት ሰው እኔ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ። በሙክጀር፣ በደሌይግና በሌሎች ከተሞች ያዩት ሰዎች ግን ቀርበው መሰከሩበት፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በ27 ወንጀሎች ጥፋተኛ ተባለ፣ በታኅሣሥም 20 ዓመት ተፈረደበት። ይህን ዜና የሰማን ቀን ከመካከላችን ዝም ብለው ያለቀሱ ነበሩ።

ፍርድ ቤቱ ሁሉን እንደማይችልም አንዘነጋም። የሚከሰው ጥቂቶችን ነው፤ ሥራው እጅግ ይዘገያል፤ የራሱ ፖሊስ ስለሌለው የኡጋንዳውን አማጺ መሪ ጆሴፍ ኮኒን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲፈልገው አላገኘውም። የኮንጎው የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ዣን ፒየር ቤምባ በመጀመሪያው ችሎት 18 ዓመት ተፈርዶባቸው በይግባኝ ነፃ ወጥተዋል። በኮንጎ የምትገኘውን የቦጎሮን መንደር ነገር በተለይ ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በዚያች መንደር ላይ ለተፈጸመው ጥቃት ሁለት የሚሊሻ መሪዎች ተከሰው ነበር። ዠርማን ካታንጋ 12 ዓመት ተፈረደበት። ማትዩ ንጉጆሎ ግን በጥቃቱ ጊዜ የተዋጊዎቹ አዛዥ እሱ መሆኑ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም ተብሎ ነፃ ወጣ። ማን አዘዘ የሚለውን ማስረዳት እንዲህ ከባድ ነው። በበቆሎ ማሳ ውስጥ የስልኩን ንግግር የሰማችው እኅታችን እና ደብተር የያዘው ጥበቃ የዋዛ ምስክሮች የማይሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ምስክር ያረጃል፣ ይታመማል፣ ሀገር ጥሎ ይወጣል። የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲያጣራ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚሽንም ጊዜው ሳይራዘምለት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘግቷል።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር እንጨምር። በእኛው ሠፈር ዛሬ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ወጣት አለ፤ ታጣቂዎች ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ሲወስዱት 14 ዓመቱ ነበር። ሲወጋም ሲያስወጋም እንደነበር አይክድም። እናቶቻችን ስለ እሱ የተለያየ ስሜት አላቸው፤ እኛም አንድ አቋም ለመያዝ ረጅም ጊዜ ተከራክረናል። የደረስንበት ግን መጠየቅ ያለበት እሱን የወሰደው ሰው ነው የሚል ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ ፍርዱን የሰጠው የኮንጎው የሚሊሻ መሪ ቶማስ ሉባንጋ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ለጦርነት በማሰለፉ ነው፤ 14 ዓመት ተፈረደበት። የኡጋንዳው አማጺ አዛዥ ዶሚኒክ ኦንግዌን ደግሞ ራሱ በልጅነቱ የተጠለፈ ሰው ነው፤ ካደገ በኋላ አዛዥ ሆኖ በፈጸማቸው 61 ወንጀሎች ጥፋተኛ ሲባል፣ ዳኞቹ መጠለፉን በቅጣቱ መጠን ላይ አሰቡለት እንጂ ነፃ አላወጡትም። ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ትጥቅ የፈቱትን ወደ ኑሯቸው ሲመልስ እንዲህ ዓይነት ልዩነት ሊደረግ ይገባል፤ ተራው ታጣቂና ያሰለፈው አዛዥ በአንድ ዝርዝር ገብተው በአንድ ገንዘብ እንዲሸኙ አንስማማም።

በመጨረሻም ስለ ሴቶቻችን። የተደፈሩት እኅቶቻችን ታሪካቸውን ለዚህም ለዚያም ድርጅት ደጋግመው ተናግረዋል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ሰው አዲስ ቅጽ ይዞ ይመጣል፣ ከተናገሩት ውስጥ ግን በፍርድ ቤት ሊቀርብ በሚችል መንገድ የተመዘገበ ቃል የለም። የሚኖሩትም የገዳይን ወንድምና የሟችን እኅት አንድ የውኃ ቦኖ በሚያገናኝበት ሠፈር ነው። አንዷ በገበያ ያያትን ሰው አውቃው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ቀይራለች። ስለ ምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 በሥራ ላይ ቢሆንም፣ ጥበቃው እስከ እነዚህ ሠፈሮች ሲደርስ አላየንም።

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር እንደሚባለው ዳኛው እንዲገኝ የምናደርገው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

ኢትዮጵያ የሮም ስምምነትን እንድትቀበል አስፈጻሚው አካል ስምምነቱን እንዲያቀርብላችሁ በውሳኔ ጠይቁ፤ ሲቀርብም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 በተሰጣችሁ ሥልጣን አጽድቁት። ስምምነቱ በራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ስለማይሠራ፣ ለአለፉት ወንጀሎች መንግሥት በስምምነቱ አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የሚቀበል መግለጫ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ኮትዲቯር አባል ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ አድርጋለች። መግለጫው አንድን ቡድን ወይም አንድን ክልል ለይቶ የሚጠቅስ መሆን የለበትም፤ አማጺውም፣ ከመንግሥት ጎን የተሰለፈው ሚሊሻም፣ መደበኛ ሠራዊቱም፣ ከውጭ የገባው ጦርም በእኩል የሚታዩበት ይሁን። ፍርድ ቤቱ የሀገር ውስጥ ፍርድ ቤት በእውነት የሚሠራውን ጉዳይ አይቀማም፤ የሚገባው መንግሥት መክሰስ ሳይፈልግ ወይም ሳይችል ሲቀር ነው። የእኛ ልዩ ፍርድ ቤት ሥራውን በሚገባ ከሠራ መግለጫው የሚጎዳው ሰው የለም።

ይህ እስኪሆን ድረስ፣ በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀልንና የአዛዦችን ኃላፊነት በግልጽ የሚደነግግ ሕግ ይውጣ። ከታጣቂዎች ጋር የሚደረግ ማንኛውም ስምምነት ጽሑፉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ አንቀጽ 28 የሚጠራቸውን ወንጀሎች ያዘዘ ሰው በስምምነቱ ማዕረግ፣ ሹመት ወይም ከክስ መዳን እንዳያገኝ ምክር ቤቱ ይቆጣጠር።

የተፈናቀልን ሰዎች ቃላችንን በምንኖርበት ቦታ የምንሰጥበት፣ በፍርድ ቤት ተቀባይነት ባለው መንገድ አንዴ ብቻ የምንመዘገብበት፣ ለተደፈሩትም ሴት መርማሪዎች ያሉበት አሠራር በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ይከፈት። የሞቱብንን ሰዎች ያለ መሸኛና ያለ ሐኪም ማስረጃ በምስክሮች ቃል ለማስመዝገብ የሚያስችል መመሪያ ይሰጥ። የጅምላ መቃብር ያለባቸው ቦታዎች ከመታረስና ከግንባታ ይጠበቁ።

ጥያቄያችንን የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ጠርቶ በአካል እንዲያነጋግረንም እንጠይቃለን፤ ደብተሩንና ሌሎች ጽሑፎቻችንን ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖሩ ተፈናቃዮችና የተጎጂ ቤተሰቦች የመረጧቸው አስተባባሪዎች
ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና የሴቶች ተወካይ
2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ለብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን